የየኔታ እንየው መስሚያ

ደጊቱ የመበየጃ ካውያዋን ጫፍ በእርጥብ ስፖንጅ ስትጠርገው ጭስስ ይላል። ከፊቷ የክብሪት ቀፎ የምታክል የጆሮ መስሚያ ሣጥን ሆዷ ተከፍቶ ተቀምጣለች። የሣጥኗ ባለቤት የኔታ እንየው በጥገና ሱቋ በር ላይ ባለችው አግዳሚ ተቀምጠው፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሃል ተክለው ይጠብቃሉ። ድጓ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው፤ ከቤተ ልሔም ደብር ተነሥተው ንፋስ መውጫ ከተማ የገቡት ለዚህችው ሣጥን ሲሉ ነው።

«ራስሽን አታድክሚ ልጄ፤ ሣጥኗ ምንም አልሆነችም። የተዘጋው ጆሮዬ ነው» ይላሉ። መስማት እንደ ተሳነው ሰው ሁሉ ድምፃቸው ከፍ ያለ ነው፤ መንገድ ዳር የቆመው ባለባጃጅ ሳይቀር ዞር ብሎ ያያቸዋል። «ባለፈውም ሠርተሽልኝ ሰማሁ። ሰንበት ሳይደርስ ተመልሶ ጭር አለ። እግዜር ይበቃሃል ሲለኝ ነው።»

አብሯቸው የመጣው ቀለመ ወርቅ ወደ ደጊቱ ጠጋ ይላል። ጺሙ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ከእግራቸው ሥር ዓመታት የተቀመጠ ተማሪ ነው። መምህሩ እንደማይሰሙት ቢያውቅም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«ዛሬ ካልሆነ ወንበራቸውን ሊለቁ ነው። እኔንም ሌላ መምህር ፈልግ ብለውኛል። ያልሰማሁትን ዜማ ልክ ነው ብዬ አልመሰክርም አሉ።»

ደጊቱ ወደ ሣጥኗ ታጎነብሳለች። በማጉያ መነጽሯ ውስጥ፣ ወደ ጆሮ ከምትወጣው ቀጭን ገመድ እግር ሥር፣ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ታያለች። የተሰነጠቀው የራሷ ብየዳ ነው።

ከጎኗ ቴሌቪዥን የሚጠግነው ወንድሟ እሸቱ አንገቱን ያሰግጋል። «አልነገርኩሽም? በአሮጌዋ ሽቦ ብትነኪያት ኖሮ እንደ ቅቤ ቀልጣ ትይዝ ነበር። አንቺ እኮ ከዚያች ጾመኛ ሽቦሽ ጋር ቆረብሽ።»

ጾመኛ የሚላት እርሳስ የሌለባትን የብየዳ ሽቦ ነው፤ አሮጌዋ እርሳስ አለባት።

«ፋብሪካው እርሳስ አታግቡብኝ ብሎ ሣጥኗ ላይ ምልክት አድርጓል» ትለዋለች። «ሁለቱ ሲደባለቁም አይዋሃዱም።»

«ፋብሪካው ንፋስ መውጫ ድረስ መጥቶ አያይሽ።»

«የሣጥኗ ውሎ የሰው ገላ ላይ ነው፤ እርሳስ ደግሞ መርዝ ነው።»

ትበል እንጂ እርግጠኛ አይደለችም። ያቺ ሽቦ አስቸጋሪ ናት። ከአሮጌዋ የበለጠ እሳት ትሻለች፤ ስትበርድም አታበራም፣ ደብዘዝ እንዳለች ትቀራለች። ጠንካራ ናት፤ ዱላ ሲበዛባት ግን መታጠፉን ትታ ትሰነጠቃለች። ምናልባት ያን ጊዜ እሳቱን አሳንሳ ይሆን? ሽማግሌውን ጆሯቸውን ያስጠላቸው የእርሷ እጅ ይሆን?

«እመብርሃን፣ እጄን ያዢልኝ» ትላለች በከንፈሯ ብቻ። እሳቱን ከፍ ታደርጋለች። የቀድሞውን ብየዳ አቅልጣ እስከ ሥሩ በመምጠጫው ታነሣለች፤ ቦርዱን በአልኮል ታጥባለች፤ ከጾመኛዋ ሽቦ ጥቂት ጠብ ታደርጋለች። እንዲበርድ እፍ አትልም። እስኪረጋ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች።

ሣጥኗን ገጥማ ስትሰጣቸው የኔታ በገመዷ ጫፍ ያለችውን ቡሽ ጆሯቸው ውስጥ ይከታሉ።

«ይህ የሚያጓራው ምንድን ነው?»

«ባጃጅ ነው፣ የኔታ።»

«ክፉ ድምፅ አለው» ይላሉ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። «ባለፈውም እንዲሁ ሰምቼ ነበር። በል ቀለመ ወርቅ፣ ሳይዘጋ ዜማውን ከመነሻው በለው።»

ይህን እያሉ በልማድ፣ ሳያዩት፣ ከሣጥኗ ጀርባ የተንጠለጠለችውን ክር ይስባሉ። በመቋሚያው ራስ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥመው ሣጥኗን ያስሯታል። ቀለመ ወርቅ ጉሮሮውን ጠርጎ ይጀምራል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ምቱን ሊያወርዱ፣ ጫፉ ብረት የለበሰውን መቋሚያ ከሲሚንቶው ላይ ከፍ ያደርጋሉ።

ደጊቱ ከወንበሯ ተወርውራ መቋሚያውን አየር ላይ ትይዘዋለች።

ዜማው ይቆማል። የእሸቱ አፍ ይከፈታል። በዚህ አገር የየኔታን መቋሚያ ማንም ሴት፣ ማንም ወንድ እንዲህ ይዞ አያውቅም።

«ይቅር ይበሉኝ፣ የኔታ። ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚያስሯት?»

«ታዲያ የት ላድርጋት? ኪሴ ሳስገባት የጋቢዬን ኩሽኩሽታ ብቻ ነው የምታወራልኝ። እዚህ ስትሆን ለተማሪው ትቀርባለች።»

«ምቱንስ በዚሁ ነው የሚመቱት?»

«ምቱንማ ዘወትር…» ይሉና ያቆማሉ። ሣጥኗን ያያሉ፤ ብረቱን ያያሉ፤ ከታች ሲሚንቶውን ያያሉ።

«ኧረ ይህን ዱላ እንኳን ጾመኛዋ የገደፈችዋም አትችለው» ይላል እሸቱ፤ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ሆድ ደብቆ።

«ሰምቼሃለሁ» ይላሉ የኔታ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ደጊቱ ያለቀሱ መስሏት ትደነግጣለች። እየሳቁ ነው። «ጆሮዬ ሸሸኝ እያልኩ ሳማ፣ ለካ ስደበድባት የኖርኩት እኔው ነኝ። ተመስገን። ተመስገን፣ አባቴ።»

ደጊቱ ክሩን ከመቋሚያው ትፈታና መቋሚያውን በሩ ጥግ ታቆመዋለች። ሣጥኗን በቀለመ ወርቅ መዳፍ ላይ ታኖርና እርሱን ከአግዳሚው አጠገብ መሬት ላይ ታስቀምጠዋለች። ወደ ካውያዋ ትመለሳለች።

ዜማው እንደገና ይነሣል። የኔታ ምቱን በእጃቸው፣ ጉልበታቸው ላይ ቀስ አድርገው ያወርዳሉ። ጥቂት እንደ ሄደ እጃቸው ይቆማል።

«የዜማውን ርክርክ ዋጥኸው። መልስ።»

ቀለመ ወርቅ ቀና ይላል። እንደ ተመሰገነ ሰው ፊቱ በርቷል። ከመነሻው ይመልሳል፤ ቀጭኗ ገመድ ከእጁ ተነሥታ እስከ መምህሩ ጆሮ ተወጥራለች፤ መቋሚያው በሩ ጥግ፣ ከተሰበሩት ሬዲዮኖች መሃል ብቻውን ቆሟል።