ለአርሴማ የተራዘመው ውል

አቶ ዘውዴ በጀርመን አገር በቦከንሃይም ሰፈር የሚኖሩበት ቤት የራሳቸው ነበር፤ መሬቱ ግን አልነበረም። በትክክል ለመናገር፣ ቤቱም ቢሆን የራሳቸው የሚሆነው የመሬቱ ውል እስኪያበቃ ድረስ ብቻ ነው። ጀርመኖች ይህን ኤርብባውሬሽት ይሉታል። መሬቱ የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ውሉ ሲያልቅ ሕንፃው ከነግድግዳው ወደ ድርጅቱ ይመለሳል።

ውሉ ሊያበቃ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቀርቶታል። አቶ ዘውዴ ደግሞ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ነው። ለእርሳቸው የተረፈው ዘመን ይበቃል፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቸኛ ዘመዳቸው ለሆነችው ልጃቸው ለአርሴማ ግን አይበቃም። ብቸኛ ዘመድ ማለት ልክ አይሆንም፤ ሙኒክ የሚኖር የወንድም ልጅም አላቸው። አርሴማ የከርሰ ምድር ውኃ አጥኚ ናት። በዚያ ሰሞን ስልክ ወደማይሠራበት የአፋር በረሃ ለመስክ ሥራ ወርዳ ነበር።

ድርጅቱ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ውሉን ለማራዘም ተስማማ። አዲሱ የመሬት ኪራይ የጡረታቸውን አብዛኛውን ክፍል ይወስዳል፤ አንዴ ከተፈረመም መመለስ የለም። ዓርብ በኖታሩ፣ በውል አረጋጋጩ፣ ፊት ይፈርማሉ። ዓርብ ካለፈ ድርጅቱ ስምምነቱን ይሰርዛል።

ማክሰኞ ዕለት በታችኛው ፎቅ የሚኖረው ተካልኝ ወደ እርሳቸው ወጣ። ተካልኝ የጴንጤቆስጤ ጉባኤ አገልጋይ ነው፤ ከዓመታት በፊት ቤቱን እንዲሸጡለት ጠይቋቸው ነበር።

«ጋሽ ዘውዴ፣ የዓርቡን የፊርማ ቴርሚን ለምን አያቆዩትም?»

«አንተ እስክትገዛው?»

«ኧረ በጌታ! ለእርስዎ የቀረው ጊዜ ይበቃዎታል ብዬ ነው እንጂ።»

«ለእኔስ ይበቃኛል። ለልጄስ?»

ተካልኝ ጫማውን ተመለከተና ወረደ።

ረቡዕ የተካልኝ ሚስት አረጋሽ ምግብ ይዛላቸው መጣች። በበዓል ቀን እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አድርጋ አታውቅም።

«አሁን ደግሞ ጉቦ በሰሃን መምጣት ጀመረ?» አሏት።

«ይብሉ እንጂ ጋሼ፤ ጉልበት ያስፈልግዎታል» አለች። ዓይናቸውን ሳታይ ወጣች።

ሐሙስ ከገበያ ሲመለሱ ከተካልኝ በር ኋላ የብዙ ሰው ድምፅ ሰሙ። አንኳኩ። ድምፁ ጸጥ አለ። በሩን የከፈተላቸው የሙኒኩ የወንድማቸው ልጅ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበር። ቤቱን ሽጠው ወደ አረጋውያን መኖሪያ እንዲገቡ ዘወትር የሚወተውታቸው እርሱ ነው።

«አንተ! መቼ መጣህ?»

«አሁን… ለሥራ ነው፣ ጋሼ።»

«ሥራህ የእኔ ቤት ነው? እኔ ዘንድ ሳትደርስ እዚህ የምትወርደው?»

«እባክዎ፣ ጋሼ፣ እስከ ቅዳሜ ብቻ ይታገሡ።»

«ቅዳሜ ምን አለ?»

ሀብተ ጊዮርጊስ ተካልኝን አየ። ተካልኝ ግድግዳውን አየ።

ዓርብ ጠዋት ከኖታሩ ቢሮ ተደወለ። ጸሐፊዋ ቶሎ እንዲሻላቸው ተመኘችላቸው። በጽኑ ታመዋል የሚል ስልክ ስለ ተደወለ የፊርማው ቀጠሮ መሰረዙን ነገረቻቸው።

«ማን ነው የደወለው?»

«የወንድምዎ ልጅ።»

አቶ ዘውዴ ጮኹባት። ጮኹ ማለት እንኳ ይበዛል፤ ለመኗት። ልጄ በስተርጅና መንገድ ላይ ትወድቅብኛለች አሉ። ጸሐፊዋም ከሰዓት በኋላ እንዲመጡ ፈቀደችላቸው።

ሀብተ ጊዮርጊስ ደረጃው ላይ ጠብቆ ክንዳቸውን ያዘ።

«ጋሼ፣ አይፈርሙ! ይጸጸታሉ!»

«ልቀቀኝ! አባትህ አፈር ውስጥ ሆኖ ያፍርብሃል።»

ለቀቃቸው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አቶ ዘውዴ ግን የሌባ እንባ ነው ብለው አለፉት። በባቡሩ ውስጥ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ተቀመጡ። ኖታሩ ውሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበላቸው። እርሳቸውም ፈረሙ።

ማታ ለአርሴማ የድምፅ መልእክት ላኩላት። «ከበረሃው ስትወጪ ትሰሚዋለሽ። ተዋግቼ አሸነፍኳቸው» አሏት። ከብዙ ሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ተካልኝ፣ ሀብተ ጊዮርጊስና አንድ ቄስ ከፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው ደረጃው እስከ ታች በሰው ተሞልቷል።

አቶ ዘውዴ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

«ዘግይታችኋል» አሉ። «ፈርሜያለሁ። ቤቱ የአርሴማ ነው።»

ይህን ስም ሲሰሙ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረጃው ላይ የቆሙት ሴቶች በአንድነት እሪ አሉ።