የውዱእ ውሃ

ጠይባ ለአያታቸው የውዱእ ውሃ ልታፈስ ማንቆርቆሪያውን ስታነሳ ረምዚያ ከእጇ መነጨቀቻት። "ሁልጊዜ አንቺ፣ ሁልጊዜ አንቺ! ዛሬ እኔ ነኝ የማፈስላቸው" አለቻት። ከሰበታ ወንዝ እንስራ ተሸክማ ከተመለሰች ገና ላቧ አልደረቀም ነበር። የአጎቷ ልጅ ጠይባ ቀኑን ሙሉ ሱቅ በር ላይ ተቀምጣ ትውላለች፤ የሶላት ሰዓት ሲደርስ ግን አባባ የሚጠሩት እሷን ነው። እሷን!

አባባ ከሱቁ ጀርባ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው እጅጌያቸውን ሰብስበው ይጠብቁ ነበር። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ረምዚያ ከጠይባ በልጣ ለመገኘት ማንቆርቆሪያውን ዘቅዝቃ ቸለሰችላቸው። ውሃው ከመዳፋቸው ተርፎ መሬቱን አጨቀየው። ሽማግሌው በሌላው እጃቸው የማንቆርቆሪያውን አፍ ደፈኑት።

"ጠይባ አይደለሽም" አሉ።

የረምዚያ እንባ መጣ። "አዎ፣ አይደለሁም! እሷ ምን ስላላት ነው አባባ? እኔ ውሃ ማፍሰስ ያቅተኛል?"

"ጠይባ ትቆጥባለች። በግማሽ ማንቆርቆሪያ ከእጅ እስከ እግር ታደርሰኛለች።" መዳፋቸው ላይ የቀረችውን ውሃ እንዳትፈስ ይዘዋት ነበር። "ወንዝ ዳር ቆመን እንኳ ውሃ አናባክንም፣ ልጄ። ይሄ ደግሞ አንቺ በጀርባሽ ያመጣሽው ነው።"

በዚያችው ውሃ ፊታቸውን ታጠቡ።

ረምዚያ ማንቆርቆሪያውን ለጠይባ አልመለሰችም። ውሃውን ግን እንደ ክር አቀጠነችው።