አፀደ ቆርባ የተመለሰች ለት

ውሻው ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ራስ ላይ ተጋድሟል። አፀደ ሰባት ደረጃ ዝቅ ብላ ቆማለች፤ በአንድ እጇ የደረጃውን ብረት፣ በሌላው አፏ ላይ የጠቀለለችውን ነጠላ ጨምድዳ ይዛለች። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ከውሻው በላይ። ሰሚት ላይ ይሄን ሁሉ ኮንዶሚኒየም ሲደረድሩ ሁለተኛ ደረጃ ለመሥራት ሲሚንቶ አነሳቸው መሰል፣ ሌላ መውጫ የለም።

አንድ ደረጃ ትወጣለች። ጥጃ የሚያህለው ጥቁር ውሻ ጭንቅላቱን ያነሳል። ትመለሳለች።

ሌላ ቀን ቢሆን እስከ አስፋልቱ የሚሰማ ነገር ከአፏ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ውሻ ያላለችው የለም። ደረጃው ላይ ሸና ብላለች፣ አላዘነ ብላለች፣ የብሎኩ ኮሚቴ ዘንድ ሦስት ጊዜ ከስሳለች፤ ኮሚቴው ደግሞ እናነጋግረዋለን ከማለት ሌላ ሥራ የለውም። ዛሬ ግን፣ በማርያም ዕለት፣ ቆርባለች። በስድሳ ሰባት ዓመቷ፣ ክርስትና ከተነሳች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። የንስሐ አባቷ አባ አረጋዊ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "መጀመሪያ ምላስሽን" እያሉ ሲመልሷት ኖረው ነው እሺ ያሉት። ሲሸኟት እስከ ማታ ምራቅ እንዳትተፋ፣ ደም እንዳይነካት፣ ክፉ ቃል ከአፏ እንዳይወጣ አስጠነቀቋት። የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ ነው የነገሯት።

ቢነክሳትስ? ደም ነው። ደንግጣ ብትወድቅስ? ያም ደም ነው። ብትጮህ ደግሞ ጩኸቱ ብቻውን አይወጣም። አፏን ታውቀዋለች፤ አንዴ ከተከፈተ ውሻውን፣ ባለቤቱን፣ የባለቤቱን ዘር ማንዘር ሳያዳርስ አይዘጋም። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው ነገር እዚህ ደረጃ ላይ ሊደፋ ነው።  ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

በሩ ይከፈታል። ባለ ውሻው ነው፤ ሠላሳ ዓመት አልፎት በጠራራ ፀሐይ በቁምጣ የሚወጣ ሰው።

"አይነካም እማማ" ይላል ስልኩን እያየ። ሁልጊዜ የሚላት ይህንኑ ነው። ከዚያ ትከሻውን ሰብስቦ፣ ዝናብ እንደመጣበት ሰው፣ መልሷን ይጠብቃል።

አፀደ ከነጠላዋ በላይ ታየዋለች።

ቀና ይላል። "እማማ አፀደ?"

ስድቡ ጉሮሮዋ ላይ ደርሷል። ትውጠዋለች፤ ተመልሶ ይመጣል። ዓይኗ እንባ ያቀርራል። ነጠላውን ይበልጥ አፏ ላይ ትጫነዋለች።

የተዋሕዶ ልጅ ቢሆን ገና ነጠላውን ሲያይ መቁረቧ ገብቶት ውሻውን ጎትቶ ያስገባላት ነበር። ይሄኛው ጴንጤ ነው፤ እሑድ እሑድ ጊታር ተሸክሞ ነው የሚወጣው። እሱ ያየው ሌላ ነገር ነው። ፊቱ ይለወጣል። ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ይወርድና ክንዷን ይይዛታል። ውሻውም ተነስቶ ይከተለዋል፤ አጠገባቸው ደርሶ ቁጭ ይላል። አፀደ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች።

"አፍዎ ተጣሟል? እስኪ ያሳዩኝ። ሁለቱንም እጅዎን ያንሱ።"

እጇን ብታነሳ ብረቱንም ነጠላውንም ልትለቅ ነው። ራሷን ትነቀንቃለች።

 አባቱን ስትሮክ እንዲህ ነበር የጀመራቸው፣ ይላታል ሰውየው፤ አዳማ፣ ቤታቸው በር ላይ፣ ፎጣ አፋቸው ላይ ይዘው፣ ምንም አልሆንኩም ብለው ራሳቸውን እየነቀነቁ። አምኗቸው ሥራ ሄደ። ማታ ሆስፒታል ሐኪሙ ወደ እሱ እያመለከተ "ይሄ ማነው?" ሲላቸው፣ አይተውት አይተውት አለቀሱ። እስኪሞቱ ድረስ ስሙን አልጠሩትም። ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚነግራት፣ አምቡላንስ ልጥራ አልጥራ እያለ ስልኩን በአውራ ጣቱ እየነካካ።

ስድቡ ከጉሮሮዋ ወዴት እንደሄደ አታውቅም። ብትፈልገው የለም። ነጠላውን ከአፏ ዝቅ ታደርጋለች። ደህና ነኝ፣ ቆርቤ ነው፣ ልትለው ነው።

እሱ ይቀድማታል።

"ስሜን ይጥሩኝ" ይላል። "ሌላ ምንም አልፈልግም። ስሜን ብቻ ይጥሩኝ።"

አፀደ አፏን ትከፍታለች።

ሦስት ዓመት ጎረቤቷ ነው። ባለ ውሻው ብላዋለች፣ ቁምጣው ብላዋለች፣ ኮሚቴው ፊት ያ የሦስተኛ ፎቁ ብላዋለች። ባለፈው ዓመት እናቱ መጥታ የከረመች ጊዜ ደረጃው ላይ ቆማ ስትጠራው ሰምታለች። ምን ብላ ነበር የጠራችው? በ"ያ" ነው የሚጀምረው? ያሬድ? አይደለም። ብትስት ደግሞ ይብሱን ይደነግጣል። አፏ እንደተከፈተ ቀርቷል። ሰውየው ከንፈሯን እያየ ፊቱ አመድ እየመሰለ ነው።

እሱ ስሟን ያውቃል። የብሎኩ ሰው በሙሉ ስሟን ያውቃል። እሷ ከዚህ ሰው ደጃፍ የምታውቀው ስም አንድ ብቻ ነው፣ በቀን አሥር ጊዜ ሲጠራ የምትሰማው።

"ጃክ" ትላለች።

ጥርት ብሎ ነው የወጣው። ውሻው ስሙን ሲሰማ ብድግ ይላል፤ ጭራውን እየቆላ በሁለቱ መሃል ይሾልክና እርጥብ አፍንጫውን ነጭ ቀሚሷ ላይ ያሳርፋል። አፀደ ቀሚሷን አትሰበስብም። ሰውየው ውሻውን አላየውም፤ አሁንም ከንፈሯን እያየ ይጠብቃል።