የተቀዳው መልክ

አባትየው ታናሽየዋ ልጁ የሣለችውን ሥዕል ሊሰቅል ምስማሩን ሲመታ ታላቅየዋን አላስችል አላት። የሟች እናታቸውን መልክ ለመሣል እሷም ስትታገል ከርማለች።

«አባዬ፣ ይቺ ምኑን ሣለችው? ፎቶው ላይ ደርባ ነው የቀዳችው!»

«አዎ፣ ቀድቻለሁ። እጄ እንዳንቺ አይታዘዝልኝም፣ እትዬ» አለች ታናሽየዋ።

ታላቅየዋ ሥዕሉን ነጥቃ ከፎቶው ጋር ደረበችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው። ግንባሩም ዓይኑም ልክክ አለ። ከንፈሩ ግን እንቢ አለ። ፎቶው ላይ ግጥም ያለው አፍ ሥዕሉ ላይ ገርበብ ብሏል፤ ልክ እናታቸው ሳቋን ልትለቀው ስትል እንደምታደርገው። እሷ ያን ሁሉ ወረቀት ጨምድዳ የጣለችው ይህንን ስትፈልግ ነበር።

«እህስ?» አላት አባቷ መዶሻውን እንደያዘ።

«አላልኩህም? አንድም ሳታስቀር ቀድታዋለች!» አለች፣ አውራ ጣቷን የሥዕሉ ከንፈር ላይ ጫን አድርጋ።