የጓሮው በር

«ተኩሰው ሰው ቢመቱ፣ ያኔውኑ ጠበቃ እንልክልዎታለን» አለ ኢንሹራንስ ሻጩ በስልክ። «ራስዎን ለመከላከል ቢሆንም መከሰስ አይቀርልዎትም። ያለ እኛ ቤትዎን ሸጠው ነው የሚሟገቱት።» ቨርና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ፣ ከአዲሱ ሽጉጧ አጠገብ አስቀምጣ ጣቶቿን ታፍተለትል ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ በቅርቡ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት ተዘርፏል። እሺ ልትል አፏን ስትከፍት የጓሮው በር እጀታ ዞረ።

ሽጉጡ እንዴት እጇ እንደገባ አላወቀችም። በሩ ላይ ጎረቤቷ ሃርላን ቆቡን በቲማቲም ሞልቶ ቆሟል። በዚያ የኦክላሆማ ገጠር ጎረቤት ሳያንኳኳ በጓሮ ይገባል፤ የፊት ለፊቱን በር የሚያንኳኳ ባዳ ሰው ወይም ሰባኪ ነው። ሃርላንም ፀጉሩ ሳይሸብት ጀምሮ እንዲሁ ሲገባ ኖሯል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቲማቲም ከሰለቸሽ በአፍሽ አትነግሪኝም?» አለ። ሊስቅ ሞከረ፤ ዓይኑ ግን ከአፈሙዙ አልተነቀለም።

«ምናለ ብታንኳኳ፣ ሃርላን?» አለች። ሽጉጡንም ዝቅ አደረገች።

ሃርላን ቲማቲሞቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ቆቡን አራግፎ አጠለቀና በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ።

«ወይዘሮ ቨርና፣ አሉ? ልመዝግብዎት?» አለ ሻጩ።

ጆሮዋ ግን ውጭ ነበር። ጠጠሩን የሚረግጠው ኮቴ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ የእሷን ቤት ዞረ። ከዚያ የፊት ለፊቱ በር ተንኳኳ።