ስክሪኑ ላይ ያለው ጥላ

«ይሄንን ሰውዬ ልታሳስሪው ነው እንዴ?!»

የጽሕፈት ሱቁ ባለቤት ወረቀቱን የጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ወረወረው።

አንድ ደንበኛ ለፍርድ ቤት ያስጻፈው ማመልከቻ ነው። ሰውዬው ያለው «በቦታው አልነበርኩም» ነበር...

ታትሞ የወጣው ግን «በቦታው ነበርኩም»!

«ጋሼ... ስክሪኑ ነው» አለች።

ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ሲወርዱ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ የጣለ ስለሚመስል ሰፈሩ ሁሉ «ዝናቧ» ነው የሚላት። አሥራ አንድ ዓመት ስትጽፍ ፊደል ገደፈች ተብላ አታውቅም።

በዚህ ሳምንት ብቻ ግን ይሄ ሦስተኛ ስህተቷ ነው።

እውነትም ሞኒተሩ አርጅቷል። ሲሞቅ ድንገት ድርግም ይላል፤ ጎኑን መታ ሲያደርጉት ይመለሳል።

እሷን ያስፈራት ግን ሌላ ነገር ነው...

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ስክሪኑ ላይ በግራ በኩል ጥላ አለ። መጀመሪያ የጣት ስፋት ነበር። ዛሬ መዳፍ አክሏል።

«ወይ አስጠግኚው፣ ወይ ተጥሎ አዲስ ይገዛ!» አለ ባለቤቱ። «ከዚህ በኋላ አንዲት ፊደል ብትጎድል ግን ሌላ ጸሐፊ እፈልጋለሁ።»

ብቻዋን የምታሳድጋት ሴት ልጅ አለቻት። የሁለቱም ኑሮ የተንጠለጠለው በዚህች ወንበር ላይ ነው።

ሞኒተሩን ታቅፋ ወጣች።

መንገድ ላይ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ከሱቁ በር ላይ አያትና ሳቀባት።

«እሱን ሬሳ የት ነው የምትወስጂው? እዚሁ ቅበሪውና አዲስ ውሰጂ!»

ልትገዛ ምንም አልቀራትም... ግን መጀመሪያ ቁርጡን ልወቅ ብላ ከሱቁ ጎን ወዳለው ጠጋኝ ገባች።

ጠጋኙ ሽማግሌ ነው። ክዳኑን ፈታ፣ ውስጡን በባትሪ አየ፣ አንዲት ያበጠች ትንሽ ዕቃ ነቅሎ አሳያት።

«ይቺ ናት የምታጠፋው። ገና ብዙ ያገለግልሻል፣ ምን አስጣለሽ!»

ሌላ በየደበትና ሰካው። ስክሪኑ ወተት መስሎ በራ።

«በይ እንግዲህ... እንደ አዲስ ሆነልሽ!»

የዝናቧ ፊት ግን አልተፈታም።

«አባባ... ጥላው አለ እኮ።»

«የቱ ጥላ?»

«ይኸው! በግራ በኩል...»

ሽማግሌው አየ። መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ።

ምንም የለም።

ፊቱ ልውጥ አለ። ከመደርደሪያው ሌላ ሞኒተር አውርዶ አበራ።

«ይሄስ?»

«ይሄም... እዚሁ ጋ...»

«ልጄ፣ ቀኝ ዓይንሽን በእጅሽ ሸፍኚ።»

ሸፈነች።

በሩ የለም! መደርደሪያው የለም! የሽማግሌው አንድ ትከሻ የለም!

እጇን አዙራ ግራ ዓይኗን ሸፈነች... ሁሉም ቦታው ላይ አለ።

ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ብልጭ ብልጭ ይልብሻል?» አላት።

«ሰሞኑን... እኔ እኮ ስክሪኑ መስሎኝ...»

«ተነሺ! ሐኪም ቤት!»

«ነገ ጠዋት አስፈቅጄ...»

«ነገ የለም!» ብሎ ጮኸባት። ሱቁን ዘግቶ ታክሲ አስቆመ።

ታክሲ ውስጥ ቀኝ ዓይኗን በየደቂቃው ትሸፍናለች። በሸፈነች ቁጥር ጥላው ወደ መሐል የገፋ ይመስላታል... ሹፌሩን እየዋጠው ነው... መስታወቱን እየዋጠው ነው...

«የልጄን ፊት ባላየውስ?» አለች።

ሽማግሌው እጇን ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

ሐኪሟ ረጅም ጊዜ መረመረቻት።

«ዓይንሽ ውስጥ ከኋላ ያለው፣ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን እየተላጠ ነው። መሐሉ ጋ አልደረሰም። ሁለት ሦስት ቀን ብትቆዪ ኖሮ ዓይንሽ ይጠፋ ነበር።»

በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና አስገባቻት።

ስትፈራ ሰነበተች። ፋሻው ሲነሳ ሁሉም ነገር ብዥ ብሎባት አለቀሰች... ብዥታው እስኪጠራ ሳምንታት ፈጀ። አንድ ቀን ጠዋት ግን በዚያው ዓይን የልጇን ቅንድብ አንድ በአንድ ለየችው።

አለቃዋም የሆነውን ሲሰማ አፍሮ ወንበሯን ጠብቆላት ነበር።

ልታመሰግን ወደ ጠጋኙ ሱቅ ሄደች። ከጎኑ አንዲት ሴትዮ ቁጭ ብላ ብሎኖችን በጣቷ እየዳሰሰች ትለያለች። ዓይኗ ወደ እጇ አያይም... ወደየትም አያይም።

«ማን ነው የመጣው?» አለች ሴትዮዋ።

«ያቺ የነገርኩሽ ልጅ ናት» አላት።

ሴትዮዋ ብሎኑን አስቀመጠች።

«ታያለሽ?»

«አያለሁ... እማማ።»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ።

«ባለቤቴ ናት። ‹ቴሌቪዥኑ ላይ ጥላ አለ› ስትለኝ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ሦስት ጊዜ ‹ደህና ነው፣ አትነዝንዢኝ› አልኳት። አንዱ ዓይኗ ጠፋ፤ ቆይቶ ሌላውም ተከተለ። ቴሌቪዥኑን ሦስቴ ያየሁ ሰውዬ... እሷን አንዴ እንኳን አላየኋትም።»

ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ ትከሻውን ፈልጋ አገኘችው።

«ዝም በል አንተ ሰውዬ... ይቺን አየሃት አይደል?»

ወዳጆቼ... ሰው «አስቸገረኝ፣ አልታይ አለኝ» ሲለን ቶሎ የምንፈትሸው ዕቃውን ነው። ዕቃ ይጠገናል፣ ካልሆነም ይቀየራል። ሰው ግን ቀኑ ካለፈበት ምትክ የለውም። ብልጭታና ጥላ ያያችሁም ብትኖሩ... ነገ አትበሉ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ታዩ።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... «ምንም አልሆንክም፣ አትነዝንዘኝ» ያላችሁት፣ ነገር ግን እስካሁን ዞር ብላችሁ ያላያችሁት ሰው ማን ነው? 👇