ሦስተኛው ዳጉ

የጆርናሉ መልስ የመጣው ረድዋን ምሳ ላይ እያለ ነው። ስልኩን አነበበና እጁን ከትሪው አነሳ።

«ጣሉት?» አለች ሚስቱ ኡምሰልማ።

«ገና አልጣሉትም። አንደኛው ገምጋሚ አመስግኖኛል። ሁለተኛው ግን ሊቀብረኝ ነው የመጣው።»

ረድዋን ሰመራ ውስጥ ቋንቋ ያስተምራል። ጥናቱ ስለ ዳጉ ነው፤ አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ስለሚለዋወጡበት ወግ። በጽሑፉ ውስጥ ሦስት ዳጉዎች ቀርበዋል። ክርክሩ የቆመው ግን በሦስተኛው ላይ ነው፤ ሁለት ሽማግሌዎች አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ባቡር ጣቢያው አጥር ሥር ሲያወሩ ተቀዳ ይላል ጽሑፉ። ጽሑፉን የጨረሰው ልጃቸው በተወለደች ሰሞን፣ ከቤት ሳይርቅ፣ በአንድ እጁ እሷን እያባበለ ነበር።

ጥናቱ ካልታተመ ኮንትራቱ አይታደስም። ኮንትራቱ ካልታደሰ ደግሞ ቤቱን ይለቃሉ፤ ቤቱ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ኡምሰልማ ይህን ታውቃለች። መጋረጃ ሳትገዛ የቆየችው ለዚሁ ነው።

«ምን አለ ሁለተኛው?»

አነበበላት። በሦስተኛው ዳጉ አድማጩ አንድ ጊዜ እንኳ «በዓይንህ አየኸው ወይስ ሰማህ? ከማን ሰማህ?» ብሎ አይጠይቅም። ገምጋሚው እንዲህ ያለ ዳጉ ሰምቶ አያውቅም። ጸሐፊው የተቀዳውን ድምፅ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ያቅርብ።

«ማን ነው እሱ?»

«ስማቸው አይነገርም። እነሱም የኔን አያውቁም ይባላል።» ስልኩን ምንጣፉ ላይ ወረወረው። «ውሸት! በዚህ አገር ስለ ዳጉ የሚጽፈው ስንት ሰው ነው? እኔና አብዱናሲር!»

አብዱናሲር አብሮት የተማረ የአፋር ልጅ ነው፤ አሁን አዋሽ ይኖራል።

«እኔ የወሎ ባለሱቅ ልጅ ስለ ዳጉ መጻፌ ያንገበግበዋል። ወላሂ እሱ ነው» አለ ረድዋን።

በማግስቱ አዋሽ ሄዱ። አክስቷ እዚያ ስላለች ኡምሰልማም ልጇን አዝላ ተከተለች።

አብዱናሲር በሩን ሲከፍት ፊቱ በራ። «ኧረ እነ ረድዋን! አሰላሙ አለይኩም! ኡምሰልማ፣ ደህና ነሽ? ትንሿስ? ግቡ፣ ፀሐዩ እንዳይጠብሳችሁ።» ወደ ረድዋን ዞረ። «ያች ጽሑፍህስ? አስቸገሩህ አሉ።»

ኡምሰልማ ባሏን አየችው። ለማንም አልተናገሩም።

«ማን ነገረህ?» አለ ረድዋን።

«ዳጉ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። «አፋር አገር ተቀምጠህ ምስጢር ያምርሃል?»

ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ ላፕቶፕ ነበር። አብዱናሲር በክርኑ ከደነውና ለስላሳ ቀዳላቸው።

ረድዋን አልጠጣም። «ሁለተኛው ገምጋሚ አንተ ነህ?»

«ብሆን እነግርሃለሁ? ደንቡ ጠፋህ?»

«አይደለሁም ማለት ያቅታል?»

«ዛሬ ለአንተ አይደለሁም ካልኩ፣ ነገ ሌላው ሲጠይቀኝ ዝም ብል አወቀብኝ ማለት ነው። ስለዚህ ለማንም ምንም አልልም።»

«አዋቂ ሆነሃል።»

«ድሮም ነበርኩ፤ ፈተና ላይ ከማን ነበር የምትቀዳው?» ሳቀ። ብቻውን ነው የሳቀው። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ቀረበ። «ስማ፣ ነገሩ ቀላል ነው። የሽማግሌዎቹን ድምፅ ስጠኝ። ልስማው። ልክ ከሆነ ለጆርናሉ አዘጋጅ በስሜ፣ በግልጽ እጽፍልሃለሁ።»

«ለአንተ ልስጥህ?»

«አዎ፣ ለእኔ። ጣቢያው አጥር ሥር የሚቀመጡትን ሁሉ አውቃቸዋለሁ። አጎቴም አሉበት። በድምፃቸው እለያቸዋለሁ።»

ኡምሰልማ የባሏን እጅጌ ጎተተች። «አትስጠው» አለችው በጆሮው።

«ሰመራ ነው ያለው» አለ ረድዋን።

«ታዲያ ምን ይዘህ መጣህ? እኔ ብሆን ገና ከበሩ እሱን ነበር የማሰማው።»

«አንተ እንድትወስደው?»

የአብዱናሲር ሳቅ ቆመ። ከውጭ የጅቡቲ ከባድ መኪና ሲያልፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

«ቤቴ ተቀምጠህ ሌባ አልከኝ። በሚስትህ ፊት» አለ ቀስ ብሎ። «ይሁን። ለእኔ አትስጥ፤ ለአዘጋጁ ላክ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሰጥተውህ የለ?»

ኡምሰልማ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ቀኑ የተጻፈው መልእክቱ ውስጥ ብቻ ነበር።

ረድዋን ተነሣ። ሳይሰናበቱ ወጡ።

«ሰማሽው?» አለ ባጃጁ ውስጥ። «ቀኑን ሳይቀር ያውቃል!»

«እሱ ነው» አለች። ብዙ የማትናገር ሴት ናት፤ ዛሬ ግን ቃሏ እየተከታተለ ወጣ። «ደጁን ከከፈተ ጀምሮ አላማረኝም። ድምፁን ሊቀማህ ነበር። የሰው ልፋት ወስዶ በስሙ ሊያወጣው! አልሰጥም በማለትህ ደግ አደረግህ።»

ረድዋን ወደ መንገዱ እያየ ራሱን ነቀነቀ።

«አንተ ግን ዝም አትበል። ቤት እንደገባን ለአዘጋጁ ላክለት። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይመስክሩልህ። ያኔ አፉን ይይዛል።»

«ኢንሻአላህ» አለ።

መናኸሪያው ሲደርሱ ልጅቷ አለቀሰች። ኡምሰልማ ውኃ ልትገዛ ሄደች። ስትመለስ ረድዋን ከአውቶቡሱ ኋላ ጀርባውን ሰጥቶ ስልክ ያወራል፤ ዱብቲ ካለው የአጎቱ ልጅ ጋር ነው። ልታቋርጠው ስላልፈለገች ጥላው ሥር ቆማ ጠበቀችው።

«ኢስማኢል» ይላል ረድዋን፣ «አፋርኛ የሚችሉ ሁለት ሽማግሌ ፈልግልኝ፤ የሚያወሩትን እኔ አስጠናቸዋለሁ።»